አይራ ኦልድሪጅ፦ ከኒውዮርክ የወጣው ኦቴሎ

ዲሲ_ሾፌር ጻፈ፦

ሰላም ቤቶች። ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

ዲሲ ታክሲ ነው የምነዳው። ከወር በፊት አንዲት ተማሪ ጫንኩ። የተጣጠፈ ልብስ ታቅፋለች፣ ከመሀሉ ወርቃማ ጥልፍ ያለው እጅጌ ተንጠልጥሏል። «ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ፣ አይራ ኦልድሪጅ ትያትር» አለችኝ። ያንን ሰፈር እንደ ቤቴ ነው የማውቀው። የእኛው ኃይሌ ገሪማ ለስንት ዓመት ፊልም ያስተማረበት ግቢ ነው። የትያትር ቤቱን ስም ግን ልብ ብዬው አላውቅም። ማነው ሰውየው አልኳት። «እዚህ አላጫውት ሲሉት ሄዶ አውሮፓን ያስጨበጨበ ተዋናይ ነው» አለችኝና ወረደች።

እኔ አዲስ አበባ እያለሁ በቀበሌ ኪነት ትንሽ ሞካክሬያለሁ። ትያትር ሲባል ዛሬም ደሜ ይሞቃል። ስለዚህ ተሳፋሪ በምጠብቅበት ሰዓት ሁሉ ስለ እሱ ሳነብ ነው የከረምኩት። ያገኘሁትን ላካፍላችሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የተወለደው በ1807 ኒውዮርክ ነው። እኛ ጋ ዘመነ መሳፍንት ነበር። ወላጆቹ ነጻ ጥቁሮች ናቸው። ኒውዮርክ ውስጥ ግን ባርነት ገና አልቀረም፣ በሕግ የቀረው በ1827 ነው። አባቱ ገለባ እየሸጠ የሚያድር ሰው ነበር፣ በቤተ ክርስቲያንም ይሰብካል። ልጁን ለጥቁር ልጆች በተከፈተው አፍሪካን ፍሪ ስኩል አስገባው። ሰባኪ እንዲሆንለት ነበር ምኞቱ። የልጁ ልብ ግን ትያትር ቤት ነበር።

በ1821 ዊሊያም ብራውን የሚባል ጡረታ የወጣ የመርከብ አስተናጋጅ አፍሪካን ግሮቭ የሚባል የጥቁሮች ትያትር ቤት ከፈተ። ሼክስፒርን ይጫወታሉ። ነጮችም ሊያዩ መምጣት ጀመሩ፣ መጥተው ግን ይጮሃሉ፣ ይረብሻሉ፣ ስለዚህ ብራውን ከኋላ በኩል ለብቻቸው ቦታ ከለለላቸው። አስቡት፣ ይሄ በ1820ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ነው። በኋላ ከከተማው ትልቅ ትያትር ቤት አጠገብ አዳራሽ ተከራይቶ ሪቻርድ ሦስተኛን ሲያሳይ ፖሊስ ገባና ተዋንያኑን አሰራቸው። ሁለተኛ ሼክስፒርን አንጫወትም ብለው ቃል ገብተው ተለቀቁ ተብሎ በጊዜው ጋዜጣ ወጥቷል። ኦልድሪጅ ያኔ ገና ጎረምሳ ነው። ትወናን የቀመሰው እዚያ ቤት ውስጥ ነው።

በ1824፣ በ17 ዓመቱ፣ መርከብ ላይ እየሠራ ወደ እንግሊዝ ተሻገረ። አሜሪካን ዳግመኛ አላያትም።

በማግሥቱ ዓመት ለንደን ውስጥ የሼክስፒርን ጥቁር ጄኔራል፣ ኦቴሎን፣ በአንድ ትንሽ ትያትር ቤት ተጫወተ። ከወራት በኋላ ደግሞ ኮበርግ በሚባለው፣ ዛሬ ኦልድ ቪክ በሚሉት መድረክ ላይ ኦሩኖኮን ሆኖ ቀረበ። ኦሩኖኮ በባርነት የተሸጠ አፍሪካዊ ልዑል ነው። ሕዝቡ አጨበጨበለት። ታይምስ ጋዜጣ ግን በከንፈሩ ቅርጽ የተነሣ እንግሊዝኛን አስተካክሎ መናገር አይችልም ብሎ ጻፈ። የ18 ዓመት ልጅ ጠዋት ተነሥቶ ይህን ሲያነብ ይታያችሁ።

ከዚያ 1833 መጣ። ማርች ላይ የዘመኑ ዝነኛ ተዋናይ ኤድመንድ ኪን በኮቨንት ጋርደን ትያትር ኦቴሎን ሲጫወት መድረክ ላይ ተዝለፈለፈ። ኢያጎን፣ የኦቴሎን ስውር ጠላት፣ ይጫወት የነበረው የገዛ ልጁ ነው፣ እሱ ክንድ ላይ ወደቀ። ሁለት ወር ሳይሞላው ሞተ። እሱን ተክቶ ኦቴሎን እንዲጫወት የተጠራው ኦልድሪጅ ነው። ጋዜጦቹ ዘመቻ ከፈቱበት። የኦቴሎን ሚስት ዴዝዴሞናን የምትጫወተው ኤለን ትሪ ነጭ ናት፣ አንድ ጥቁር በሕዝብ ፊት እንዴት እጁን ያሳርፍባታል ነው ነገሩ። በእንግሊዝ ግዛቶች ባርነት ይቅር ወይስ አይቅር ተብሎ አገር የሚሟገትበት ዓመት ነው። ኤፕሪል 10 ተጫወተ፣ ኤፕሪል 12 ደገመ። በቃ፣ ሦስተኛ አልነበረም።

ስለ እሱ የሚወራው ሁሉ እነዚህ ሁለት ሌሊቶች ላይ ይቆማል። ገፉት፣ አለቀ። እኔን የያዘኝ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ያኔ 25 ዓመቱ ነበር። የሞተው በ60 ነው። በመሀል ያለውን 34 ዓመት ምን ሲሠራ ኖረ? ሲጫወት ነበራ! የእንግሊዝን፣ የስኮትላንድን፣ የአየርላንድን ትንንሽ ከተሞች በጋሪ፣ ኋላም በባቡር እየዞረ፣ ዛሬ አንዱ ጋ፣ ነገ ሌላው ጋ፣ 19 ዓመት ሙሉ። በ1852 ደግሞ ባሕር ተሻግሮ ቤልጅግና ጀርመን ገባ። በ1853 የፕራሻ ንጉሥ የኪነ ጥበብና የሳይንስ የወርቅ ሜዳልያ ሸለመው።

እኔ ይህንን ሰው እንደ ተገፋ ሰው ብቻ ማየት ትክክል አይመስለኝም። ባለሙያ ነው። የተማረው መንገድ ላይ ነው። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ተማሪ_07 ጻፈ፦

ስሙን ዛሬ ገና ሰማሁ። አመሰግናለሁ ወንድሜ። አንድ ጥያቄ፣ ከእሱ በፊት እዚያ ለንደን ኦቴሎን ማን ነበር የሚጫወተው? ነጭ ነው?

ዲሲ_ሾፌር ጻፈ፦

አዎ፣ ነጭ ተዋናይ ፊቱን ቀለም ተቀብቶ። ኪንም ያደርግ የነበረው እንደዚያው ነው። ለዚህ ነው ነገሩ የከበዳቸው። ቀለሙ ሲታጠብ የሚለቅ እስከሆነ ድረስ ማንም ቅር አላለውም።

ቀበና_ልጅ ጻፈ፦

ጽሑፉ ጥሩ ነው፣ ግን ደህና ደህናውን ብቻ ነው ያወራኸው። ሁለት ነገር ዘለሃል።

አንደኛ፣ በማስታወቂያዎቹ ላይ የሴኔጋል መሳፍንት ዘር ነው ተብሎ ነበር የሚቀርበው። የኒውዮርክ ገለባ ሻጭ ልጅ! ይህ ውሸት ነው፣ ሌላ ስም የለውም። አባትን መካድም ነው።

ሁለተኛ፣ በአንድ ምሽት ኦቴሎን ይጫወትና ቆየት ብሎ ሙንጎ የሚባል አሽከር ሆኖ ይመጣል። ሙንጎ ጌታው የሚገርፈው፣ ሰክሮ የሚዘፍን፣ ሰው የሚስቅበት ባሪያ ነው። ነጮቹ ሊያዩት የሚፈልጉትን ሰጣቸው ማለት ነው። ይሄ ክብር ነው? እኔን ያሳምመኛል። ስንት የእኛ ሰው ባሕር ማዶ ሄዶ እንጀራ ፍለጋ ሌላ ሰው ሲሆን አይቻለሁ፣ ስለዚህ ነገሩ ለእኔ ታሪክ ብቻ አይደለም።

መጋረጃ ጻፈች፦

ቀበና ወንድሜ፣ ጥያቄህ ትክክለኛ ነው፣ ግን ከመድረክ በኩል ልንገርህ። አዲስ አበባ ውስጥ 15 ዓመት ተውኛለሁ።

በዚያ ዘመን የትያትር ምሽት ማለት አንድ ሥራ ብቻ አይደለም። ትልቁ ትራጄዲ ካለቀ በኋላ አጭር አስቂኝ ጨዋታ ይከተላል። ሰው ትኬት የቆረጠው ለሁለቱም ነው። ኦልድሪጅ ሁለቱንም ሲይዝ እየነገራቸው ያለው ነገር አለ። ከአንድ ሰዓት በፊት ያለቀሳችሁለት ጄኔራልና አሁን የምትስቁበት አሽከር አንድ ሰው ናቸው፣ ሁለቱንም የሠራኋቸው እኔ ነኝ ነው የሚለው። ደግሞ ሙንጎ ዝም ብሎ የሚጨፍር አይደለም። ጌታውን ያማርራል፣ ይመልስለታል። ኦልድሪጅ ከጨዋታው በኋላ ወደ ፊት ወጥቶ ለታዳሚው በራሱ አንደበት ስለ ባርነት ይናገር እንደነበር ተጽፏል። ያንን ንግግር ቀጥታ ላቅርብ ቢል ማን አዳራሽ ይሰጠዋል?

ስለ ራሴ ልጨምር። እኔ የጀመርኩት የቤት ሠራተኛ ሆኜ ነው። ሦስት ዓመት። ትሪ ይዤ እገባለሁ፣ ትሪ ይዤ እወጣለሁ። ቃለ ተውኔቴ «አቤት እመቤቴ» ነው፣ ሌላ የለውም። አዘጋጁ ስሜን እንኳ አያውቀውም ነበር፣ «አንቺ የትሪዋ» ነው የሚለኝ። አንድ ቀን ሲኒዎቹን ሳወርድ አንድ ባንድ አስቀመጥኳቸው። ቀስ ብዬ። አምስት ሲኒ። እመቤቲቱ ከኋላዬ እየተሳደበች ነው፣ እኔ ሲኒ እያስቀመጥኩ ነው። አዳራሹ ጸጥ አለ። አምስተኛውን ሳስቀምጥ አንድ ሰው «ውይ» ሲል ሰማሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሠራተኛይቱ ሰው ሆነች። ጽሑፉ አልተቀየረም፣ አንድ ቃል አልተጨመረም። ስለዚህ ሙንጎን ተጫወተ ብሎ ሰውን ከመውቀስ በፊት እንዴት ተጫወተው ብሎ መጠየቅ ይቀድማል።

የኋላ_ወንበር ጻፉ፦

ልጆቼ፣ ስታወሩ ሰምቼ ዝም ማለት አልቻልኩም። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ተመልካች ነኝ፣ ተዋናይ አይደለሁም።

ኦቴሎን መጀመሪያ ያየሁት በጸጋዬ ገብረ መድኅን አማርኛ ነው። ወጣት ነበርኩ። ያ ኋላ መጥፊያዋ የሚሆነው መሐረብ ከዴዝዴሞና እጅ ሲወድቅ አጠገቤ የተቀመጡ ነጠላ ያደረጉ እናት «አንሺው! አንሺው እንጂ ልጄ!» ብለው ጮኹ። ማንም አልሳቀም። ሁላችንም በሆዳችን እንደዚያው እያልን ነበርና። ዛሬም ኦቴሎ ሲባል የሚመጣብኝ የእኚያ እናት ድምፅ ነው።

ስለ ልዑልነቱ ነገር። አፍሪካዊው ሮሲየስ እያሉ ይጠሩት ነበር። ሮሲየስ የጥንት የሮም ተዋናይ ነው፣ ታላቅ የተባለ። ባሪያ ሆኖ ነው የተወለደው። እንግዲህ አንዱ ማስታወቂያ ላይ የልዑል ዘርም የባሪያ ስምም አብረው ተጻፉለት። ሁለቱም የትኬት መሸጫ ናቸው። ገና ሲጀምርማ ራሱን ሚስተር ኪን አስብሎ ነበር፣ በዚያው በዝነኛው ሰው ስም ለመጠጋት። የዘመኑ ልማድ ነው። አባትን መካድ ነው የሚለውን ግን አልቀበልም። የሴት ልጁን ስም ሉራና አለው። ሉራና የእናቱ ስም ነው።

ቀበና_ልጅ ጻፈ፦

ጋሼ አመሰግናለሁ፣ የእናቱን ስም አላውቅም ነበር። እህቴ መጋረጃም፣ የሲኒውን ነገር ሳነብ ቆም አልኩ። ስለ ሙንጎ ያልኩትን አነሣለሁ።

የልዑሉን ግን አላነሣም። የገለባ ሻጭ ልጅ ሆኖ ኦቴሎን መጫወቱ ከልዑልነት ይበልጣል። እሱን ቢናገር ነበር የምወደው።

በርሚንግሃም_ነኝ ጻፈ፦

እኔ ለኮቨንትሪ ቅርብ ነኝ። በ1828 የኮቨንትሪን ትያትር ቤት ለጥቂት ወራት ያስተዳደረው እሱ ነው፣ በብሪታንያ የመጀመሪያው ጥቁር የትያትር ቤት ሥራ አስኪያጅ። 20 ዓመት ገና አልፎት ነው! ሥራውና ንግግሩ ከተማውን ስለነካው ኮቨንትሪዎች ባርነት ይቅር ብለው ለፓርላማ አቤቱታ አስገቡ። በ2017 የመታሰቢያ ሰሌዳ ተሰቅሎለታል። ገበያ መሀል ስለሆነ ሰው ሸመታውን ይዞ በሥሩ ያልፋል። እኔም ሳልፍ ነበር።

ዲሲ_ሾፌር፣ ትንንሽ ከተሞች ያልከው ይሄ ነው። ለንደን የነፈገችውን ኮቨንትሪ ሰጠችው።

ተማሪ_07 ጻፈ፦

ይቅርታ፣ አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። ጀርመን ሲሄድ በምን ቋንቋ ነው የሚጫወተው? ጀርመንኛ ይችላል?

ዲሲ_ሾፌር ጻፈ፦

ጥሩ ጥያቄ! እሱ በእንግሊዝኛ፣ የቀሩት በየቋንቋቸው። በ1858 ሩሲያ፣ ፒተርስበርግ ሲገባ አብረውት የተጫወቱት የጀርመን ተዋንያን ናቸው። እሱ በእንግሊዝኛ ይናገራል፣ ኢያጎ በጀርመንኛ ይመልሳል፣ አዳራሹ ውስጥ የተቀመጠው ደግሞ ሩሲያዊ ነው። ተመልካቹ ታሪኩን አስቀድሞ ያውቀዋል፣ የቀረውን ከፊቱ፣ ከድምፁ፣ ከአካሄዱ ያነብባል። ያኔ እኛ ጋ አጼ ቴዎድሮስ ከነገሡ ሦስት ዓመታቸው ነው።

ፒተርስበርግ ውስጥ አንድ ወዳጅ አገኘ። ታራስ ሼቭቼንኮ፣ የዩክሬኖቹ ትልቅ ገጣሚና ሠዓሊ። ሼቭቼንኮ ገባር ሆኖ የተወለደ፣ እንደ ዕቃ የሚሸጥ የሚለወጥ ሰው ነበር። ነጻ የወጣው ወዳጆቹ ገንዘብ አዋጥተው ከጌታው ገዝተውት ነው። በኋላም በግጥሙ ምክንያት አሥር ዓመት በግዞት ወታደር ሆኖ ኖሯል። ሁለቱ አንድም የጋራ ቋንቋ የላቸውም። የአንድ ቤተሰብ ትንንሽ ሴት ልጆች ነበሩ የሚያስተረጉሟቸው። ሼቭቼንኮ የኦልድሪጅን ምስል ሲሥል ኦልድሪጅ አንድ ቦታ መቀመጥ አቃተው። እረፍት ያደርጉና አንዱ የዩክሬን ዘፈን ይዘፍናል፣ ሌላው የአሜሪካ ጥቁሮችን ዜማ ይመልሳል። ምስሉ ዛሬም አለ። ከተሣለ ከሁለት ዓመት በኋላ ሩሲያ ገባሮቿን ነጻ አወጣች፣ ሼቭቼንኮ ግን አዋጁ ለሕዝብ ሊነገር ጥቂት ቀን ሲቀረው ሞተ።

ይህንን ያነበብኩት አየር ማረፊያ ተራ ይዤ ነው። ተራዬ ደርሶ ከኋላዬ ክላክስ እስኪያደርጉ አልሰማሁም።

መጋረጃ ጻፈች፦

ቋንቋው ሲነሣ አንድ ነገር ትዝ አለኝ፣ እጁ።

ፈረንሳዊው ጸሐፊ ቴዎፊል ጎቲየ ያኔ ፒተርስበርግ ነበረና አይቶታል። የሚጮህ፣ የሚያገሳ ኦቴሎ ጠብቆ ነበር የገባው። ያየው ግን የተረጋጋ፣ ግርማ ያለው ሰው ነው። ከዚያ ኪንግ ሊርን ሲጫወት አየው። ሊር ነጭ ሽማግሌ ንጉሥ ስለሆነ ኦልድሪጅ ፊቱን በነጭ ቀለም ሸፈነ፣ ነጭ ጺም አደረገ፣ የብር ፀጉር ደፋ። እጁን ግን አልቀባም። ፊቱ ነጭ፣ ከእጅጌው የሚወጡት እጆች ጥቁር። ጎቲየ ነገሩን የገለጸበት ቃል ያስቀይማል፣ አልደግመውም። ሆን ብሎ ያደረገው መሆኑን ግን ገብቶታል።

ይሄን ሳነብ ልምምድ ላይ ነበርኩ፣ መልበሻ ክፍል ውስጥ። ፊቴ ፓውደር ተቀብቷል፣ እጄ ገና ነው። መስታወቱ ውስጥ እጄን አየሁት። አንድ ሰው ሁለት ሰዓት ሙሉ ሌላ ሰው ሆኖ፣ እጁን ብቻ ለራሱ አስቀርቶ፣ እያዩት ያንን መጫወት ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቅ የሚገባው የተወነ ሰው ነው።

አላለቀም። በ1865 ለንደን ተመልሶ በሄይማርኬት ትያትር ኦቴሎን ተጫወተ። ዴዝዴሞና የሆነችው በኋላ ማጅ ኬንዳል ተብላ ዝነኛ የሆነችው ተዋናይት ናት፣ ያኔ ገና ልጅ እግር። እርጅናዋ ላይ ስታስታውስ፣ «እጅሽን» የሚለው ቦታ ላይ ሲደርስ መዳፉን ሰፋ አድርጎ ይዘረጋና የእሷን እጅ በላዩ ላይ እንድታስቀምጥ ያደርጋት እንደነበር ተናግራለች። ሁለቱ ቀለሞች ለአዳራሹ ሁሉ እንዲታዩ። ሕዝቡ ያጨበጭብ ነበር። በ1833 በዚያው ከተማ ያንን እጅ ነበር አታሳርፍ ያሉት።

ዲሲ_ሾፌር ጻፈ፦

እህቴ፣ ይህን አላውቅም ነበር። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። 32 ዓመት ነው በመሀሉ።

ቀበና_ልጅ ጻፈ፦

እኔም። ዛሬ ማታ ለባለቤቴ አነብላታለሁ።

ኦግሮዶቫ ጻፈች፦

ሰላም። ፖላንድ ነኝ። በጽሑፍ ሎድዝ ይሏታል፣ እዚህ ሰው ግን ዉች ብሎ ነው የሚጠራት። ለትምህርት መጥቼ ሥራ ይዤ ቀረሁ፣ 9 ዓመት ሆነኝ። እናንተ የምታወሩለት ሰው የተቀበረው እዚህ ነው።

በ1867 ኦቴሎን ሊጫወት መጥቶ ታሞ ሞተ። ኦገስት 7። 60 ዓመት ከሞላው ሁለት ሳምንቱ ነበር። ያኔ ከተማዋ በሩሲያ ግዛት ሥር ነበረች፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሚበዛባት፣ ሠራተኛ ከየቦታው የሚጎርፍባት ቦታ። መቃብሩ ኦግሮዶቫ መንገድ ላይ ነው። አሮጌ መካነ መቃብር ነው፣ ካቶሊኩ፣ ኦርቶዶክሱ፣ ፕሮቴስታንቱ ክፍል ክፍል አላቸው። እሱ ፕሮቴስታንቶቹ ጋ ነው። የፖላንድ የመድረክና የፊልም ባለሙያዎች ማኅበር ነው መቃብሩን የሚንከባከበው። በ2014 ደግሞ በዋናው መንገድ፣ በፒዮትርኮቭስካ፣ የመታሰቢያ ሰሌዳ ተደርጎለታል።

እኔ ያገኘሁት ሳልፈልገው ነው። በመጣሁ በመጀመሪያው ዓመት በጣም ከፍቶኝ ነበር። ቋንቋው አይገባኝ፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ የምጠራው ሰው የለም። ኖቬምበር 1 እዚህ የሙታን መታሰቢያ ነው፣ በእኛ ጥቅምት 22 ግድም። ከተማው በሙሉ ወደ መቃብር ይወጣል። ቀይና ነጭ ብርጭቆ ውስጥ ሻማ ያበራሉ። ሲመሽ ሜዳው ሁሉ ይንቦገቦጋል። ሰው ወደሚሄድበት ሄድኩ፣ እንደ ጥምቀት ሰው መሀል መሆን አማረኝ። ስዞር አንዲት ሽማግሌ እጄን ያዝ አደረጉኝና እየጎተቱ ወደ አንድ መቃብር ወሰዱኝ። ፖሊሽ ያኔ አልሰማም፣ «አክቶር፣ አክቶር» የሚለውን ብቻ ለየሁ። ስሙን አነበብኩት። ማን እንደሆነ አላውቅም። ሽማግሌዋ ከቦርሳቸው ሻማ አውጥተው ሰጡኝ። እኔ እንዳበራው። ዘመዱ መስዬአቸው ይሆናል፣ ወይም ዝም ብለው ደግ ሰው ነበሩ።

ቤቴ ገብቼ ነው ስለ እሱ ያነበብኩት። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ እሄዳለሁ።

የኋላ_ወንበር ጻፉ፦

ልጄ፣ እግዜር ይስጥሽ። እንባዬ መጣ።

ጸጋዬ በ2006 ኒውዮርክ ነው ያረፈው። እኛ አስከሬኑን አምጥተን ቅድስት ሥላሴ ቀበርነው፣ እኔም በሽኝቱ ቆሜያለሁ። ይህ ሰው ኒውዮርክ ተወልዶ ፖላንድ ቀረ። ቢያንስ ሻማ የሚያበራለት የእኛ ልጅ አገኘ።

ተማሪ_07 ጻፈ፦

አሜሪካ አንድም ቀን አልተመለሰም ማለት ነው? ባርነት ከቀረ በኋላም?

ዲሲ_ሾፌር ጻፈ፦

ሊመለስ ነበር። የእርስ በርሱ ጦርነት በ1865 ሲያበቃ አሜሪካ ሄዶ ለመጫወት ድርድር ጀምሮ ነበር። ሞት ቀደመው።

ሥራው ግን በልጁ በኩል ተመለሰ ብል ማጋነን አይደለም። አማንዳ የምትባል ልጁ ድምፃዊትና የሙዚቃ ደራሲ ነበረች፣ ለንደን ውስጥ ድምፅ ታስተምራለች። በ1930 ጥቁሩ አሜሪካዊ ተዋናይና ድምፃዊ ፖል ሮብሰን ለንደን መጥቶ ኦቴሎን ሊጫወት ሲሰናዳ አነጋገሩን ያቀናችለት እሷ ናት። አባቷ በከንፈሩ ቅርጽ የተነሣ እንግሊዝኛ አይናገርም የተባለባት ከተማ ውስጥ! ሮብሰን በ1943 ኦቴሎን ይዞ የኒውዮርክ ትልልቅ ትያትር ቤቶች ወዳሉበት ወደ ብሮድዌይ ወጣ። 296 ጊዜ ተጫወቱት። በብሮድዌይ የሼክስፒር ሥራ ያንን ያህል የቆየበት ጊዜ የለም። አፍሪካን ግሮቭ ከነበረበት ሰፈር ብሮድዌይ ሩቅ አይደለም፣ ካርታ ላይ አይቼዋለሁ።

ትናንት ማታ ሃዋርድ ጋ ሰው አውርጄ መኪናዬን አቆምኩ። በሩ ክፍት ነበር። ውስጥ ልምምድ ላይ ናቸው፣ አንዱ ቃሉ ጠፍቶት ከመጀመሪያው እንጀምር ይላል። በሩ ጋ ቆሜ ሦስት ጊዜ ሲጀምሩ ሰማሁ። ከዚያ ስልኬ ጠራ፣ ሥራ መጣ።

ኦግሮዶቫ እህቴ፣ የዘንድሮው ኖቬምበር ስትሄጂ አንድ ሻማ በእኔ ስም አብሪልኝ። ገንዘቡን እልካለሁ።

ኦግሮዶቫ ጻፈች፦

ገንዘብ ምን ያደርጋል፣ ሻማው እዚህ ርካሽ ነው። አበራልሃለሁ።

ቀበና_ልጅ ጻፈ፦

ለእኔም አንድ። በልዑሉ ነገር እንደተከራከርኩት ሆኖ።

መጋረጃ ጻፈች፦

ለእኔም። ከቻልሽ ከእጅጌሽ እጅሽን አውጥተሽ፣ ሻማውን ስታስቀምጪ እጅሽ እንዲታይ ፎቶ አንሺልን።

ኦግሮዶቫ ጻፈች፦

እሺ። ብርድ ነው፣ ጓንቴን አወልቃለሁ።